ሐዲድ ላይ የሚሄድ የገንዳ ሽፋን በራሳችን እጅ ስንገጥም፦ የአንድ የላስ ቬጋስ ቤት ጉዳይ

እማዬ ቡና እየወቀጠች ነበር። ሦስት ዓመት የሞላው ልጄ ሳሎን ውስጥ ኳሱን ያንከባልላል። እኔ የሌሊት ፈረቃ አድሬ ተኝቻለሁ። እማዬ ቀና ስትል ሳሎኑ ጭር ብሏል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ልጁ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ኳስ ወደ ራሱ ለመሳብ ውሃውን በእጁ ይቀዝፋል።

እማዬ አልጮኸችም። ደንግጦ ይወድቃል ብላ ፈራች። በባዶ እግሯ ቀስ ብላ ሄዳ ከኋላው ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም የነቃሁት በዚያ ጩኸት ነው።

ልጁ ምንም አልሆነም። ያን ቀን ግን ቡናው ሳይፈላ ዋለ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ውሃ ውስጥ መስጠም ነው። ይህን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር። የሥራ ቦታዬ ሆስፒታል ስለሆነ ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ማወቅና የራስን ልጅ ጠርዝ ላይ ማየት ግን አይገናኙም።

በዚያው ሳምንት የአጥሩን በር ራሱ የሚዘጋ ማጠፊያ አደረግንለት። የሳሎኑ በር ሲከፈት የሚጮህ ደወልም ገጠምን። ይህን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ሽፋን የአጥርን ቦታ አይተካም። ክፍት ሲሆን እኮ የለም ማለት ነው። እኛ የፈለግነው ሰው ሁሉ ሲዘናጋ የሚቆም አንድ ተጨማሪ ግርዶሽ ነበር።

ገንዳው

ስፋቱ 16 ጫማ፣ ርዝመቱ 32 ጫማ ነው። በሜትር ወደ 4.9 በ9.8 መሆኑ ነው። ቅርጹ አራት ማዕዘን ስለሆነ ዕድለኞች ነን። ሐዲድ ሁለት ትይዩ መስመር ይፈልጋል። የኩላሊት ቅርጽ ያለው ገንዳ ቢሆን ኖሮ ሐዲዶቹን ከገንዳው ርቀን መዘርጋት ነበረብን። ሽፋኑም ግማሹን ወለል ይዞ ይቀር ነበር።

ሌላው ጭንቀታችን ውሃ ነው። ላስ ቬጋስ ከምትጠቀመው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ ይመጣል። ውሃው የሚጠራቀምበት ሚድ ሐይቅ በጁላይ 2022፣ በ1930ዎቹ መሞላት ከጀመረ ወዲህ አይቶት ወደማያውቀው ደረጃ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ክላርክ ካውንቲ አዲስ የሚሠሩ የመኖሪያ ቤት ገንዳዎች ከ600 ስኩዌር ጫማ እንዳይበልጡ ወሰነ። የእኛ 512 ነው፤ የተሠራውም ከዚያ በፊት ነው። ቢሆንም ቧንቧውን ከፍቼ ገንዳውን በሞላሁ ቁጥር ደስ አይለኝም ነበር።

ስንት እንደሚተን ለማወቅ ሴራሚኩ ላይ በውሃ መስመሩ ልክ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሜይ ውስጥ በአንድ ሳምንት 1 ኢንች ከ3/4 ወረደ። በዚህ ገንዳ 1 ኢንች ማለት ወደ 319 ጋሎን ነው። ስለዚህ በሳምንት 558 ጋሎን፣ ከ2,100 ሊትር በላይ፣ ሰማይ ይወስደዋል። ይህን ለእማዬ በጀሪካን አስልቼ ነገርኳት። ባለ 20 ሊትሩ ከመቶ በላይ ጀሪካን ነው። እማዬ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው የኖረችው። ዝም አለችና “በይ አሁኑኑ ሸፍኚው” አለችኝ።

ለምን ሐዲድ፣ ለምንስ ራሳችን?

ርካሹ ምርጫ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። ትነት ይቀንሳል። ልጅ ላለበት ቤት ግን አደገኛ ነው። ሕፃን ቢረግጠው ይሰምጥና ፕላስቲኩ ላዩ ላይ ይጠቀለልበታል። ከላይ ለሚያይ ሰው ከሥሩ ልጅ ያለ አይመስልም። ሁለተኛው ወለሉ ላይ በመንጠቆ የሚወጠረው ሸራ ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን በየቀኑ ሠላሳና አርባ መንጠቆ የሚያስር ሰው አላየሁም። የብርዱን ወራት ሙሉ ገንዳውን ለሚዘጋ ቤት ይሆናል።

ሐዲድ ላይ የሚሄደው በቁልፍ ይዘጋል፣ በቁልፍ ይከፈታል። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለደኅንነት የሚሸጡ ሽፋኖች ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 1346 የሚባለውን መመዘኛ ማሟላት አለባቸው። እንደ እኛ ከ8 ጫማ ለሚሰፋ ገንዳ ሸራው 485 ፓውንድ፣ ወደ 220 ኪሎ፣ መሸከም ይኖርበታል። ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ ማለት ነው። አዋቂዎቹ የተቆጠሩት ልጅ ሲወድቅ ሊያወጡት ተከትለው የሚገቡ ሰዎች ስላሉ ነው። ይህን ሳነብ ውሳኔዬ አለቀ።

ሦስት ገጣሚዎች ጠራን። አንዱ 15,500 ዶላር፣ ሌላው 17,200 አለ። ሦስተኛው ለክቶ ሄዶ አልተመለሰም። ሙሉ ዕቃው ለብቻው ከነማጓጓዣው 8,900 ዶላር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ልጅ ነው። እዚህም ያው ወለል ነው ሥራው። መመሪያውን ገልጦ ገልጦ “እትዬ፣ ይሄ እኮ ልኬትና ቀዳዳ ነው። ኤሌክትሪኩን ብቻ ለባለሙያው እንተውለት” አለኝ።

ትክክል ነበር። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላየንም።

አሠራሩ

በግራና በቀኝ ሁለት የአልሙኒየም ሐዲዶች አሉ። አዲስ ገንዳ ሲሠራ ሐዲዱን ከጠርዙ ድንጋይ ሥር መደበቅ ወይም ወለሉ ውስጥ መቅበር ይቻላል። ላለቀ ገንዳ ግን ወለሉ ላይ በፊሸርና በቪቴ ማሰር ነው የሚቀለው። በገንዳው አንድ ጫፍ አግዳሚ ወንበር የሚመስል ረጅም ሳጥን ይቀመጣል። ውስጡ ሸራው የሚጠቀለልበት ወፍራም ቱቦ፣ ሞተሩና ሁለት የገመድ መጠምጠሚያዎች አሉ።

የሸራው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ወፈር ያለ ገመድ ተሰፍቷል። ያ ጠርዝ ሐዲዱ ውስጥ ባለው ቦይ ይንሸራተታል፤ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ከፊት ሸራውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የአልሙኒየም ዘንግ አለ። ከዘንጉ ሁለት ጫፎች የሚነሱት ገመዶች በሐዲዱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሄደው ፑሌጃ ላይ ይዞራሉ፤ በሌላ ቦይ ተመልሰው ሳጥኑ ውስጥ ይጠመጠማሉ። ሲዘጋ ሞተሩ ገመዶቹን ይጠመጥማል። ገመዶቹ ዘንጉን ይጎትታሉ። ቱቦው ሸራውን ይለቃል። ሲከፈት ደግሞ ቱቦው ሸራውን ይጠቀልላል፤ ገመዶቹ ይለቀቃሉ። ሁሉም ይኸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሸራውን ከታች የሚደግፈው ውሃው ራሱ ነው። የውሃው ከፍታ ከወረደ ሸራው ይረግባል፤ ክብደቱም ሁሉ ሐዲዱና ስፌቱ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል መሄድ አለባቸው። ግራው ከቀኙ ከቀደመ ዘንጉ ይጣመማል፣ ሸራው ይጨማደዳል፣ ሞተሩ ይታገላል።

ገጠማው

ዕቃው ደረሰ። አንዱ የሐዲድ ቁራጭ ጫፉ ትንሽ ታጥፎ ነበር። ወንድሜ በእንጨትና በመዶሻ አቃናው፤ ከዚያ አንድ ካልሲ ውስጡ ሰዶ ጎተተ። ካልሲው የያዘበትን ቦታ ሁሉ በደቃቅ ሞረድ አለሰለሰው። የሐዲዱ ውስጥ ሸራውን ከያዘ፣ ሸራው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይላጣል። በየትኛውም መመሪያ ላይ ያላየሁት ዘዴ ነው፤ ለእኔ ግን ከገዛናቸው መሣሪያዎች ሁሉ በላጩ ያ ካልሲ ነበር።

መጀመሪያ ወለሉን በረጅም ውሃ ልክ አየን። በአንድ በኩል አርማታው በግማሽ ኢንች ይወርዳል። ወንድሜ እዚያ ላይ በሲሚንቶ ሞላው፤ ሁለት ቀን ጠበቅን። ከዚያ ቀለም የተነከረ ክር ወጥረን መስመሩን መታን። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ስፋት መነሻው ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ መጨረሻው ላይ ለካን። ልዩነቱ ከ1/8 ኢንች አልበለጠም። ወንድሜ ሜትሩን ጠቅልሎ “እንዲህ ነው ሥራ!” አለ። እኔም ደስ አለኝ።

የሚበሳው በየአንድ ጫማው አንድ ቀዳዳ ነው፤ ለሁለቱ ሐዲድ 70 ያህል። መዶሻ ያለው ድሪል ተከራየን። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው አይቻለሁ። ቀዳዳው ውስጥ የሲሚንቶ ብናኝ ከቀረ ፊሸሩ እስከ ታች አይገባም። ግማሹ ውጭ ይቀራል፤ ቪቴው የያዘ ይመስላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይላላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ እኔ በአየር ነፋሁ፣ ወንድሜ በቫኪዩም ሳበ። 70 ጊዜ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ውሃ ስታመላልስልን ዋለች።

የሐዲዶቹን መጨረሻ ከአትክልት መደቡ ግንብ ጋር አላጠጋናቸውም። አልሙኒየም በሙቀት ይረዝማል። 10 ሜትር ሐዲድ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ወደ 9 ሚሊሜትር ይጨምራል። ቬጋስ ውስጥ በጃንዋሪ ሌሊትና በጁላይ ቀትር መካከል ፀሐይ የመታው ብረት ያን ያህል፣ ከዚያም በላይ ይለያያል። መሄጃ ካጣ ቪቴውን ይነቅላል ወይም ራሱ ይጎብጣል።

ከዚያ ሳጥኑን አስቀመጥን። ቱቦው የሚቀመጥባቸውን ሁለት ደጋፊዎች ከገንዳው የአጭር ጎን ጠርዝ እኩል አርቀን አሰርን። በግራ 14 ኢንች፣ በቀኝ 14 ኢንች። ወንድሜ “ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ እሱን እንከተል” አለ። እኔም ተስማማሁ። ችግራችን የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

ኤሌክትሪኩ

ይህን በራሳችሁ አትንኩት። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን አመጣን። የሥራ ፈቃዱንም እሱ አወጣ። 1,150 ዶላር ከፈልነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ አንቀጽ 680 ስለ ገንዳና መሰል የውሃ ቦታዎች የተጻፈ ነው። ከመሬት በታች የሚቀመጥ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የታሸገ መሆን አለበት። ከገንዳው ግድግዳ ቢያንስ 5 ጫማ መራቅ ወይም በቋሚ ከለላ መለየት አለበት። ኃይል የሚያገኘውም ኤሌክትሪክ በትንሹም ሲያፈስ ወዲያው በሚያቋርጥ መሣሪያ በኩል ነው። በገንዳው ዙሪያ ያለ ብረት ሁሉ፣ ሐዲዶቹም ጭምር፣ በ8 ቁጥር ጠጣር የመዳብ ሽቦ ከገንዳው ብረቶች ጋር መተሳሰር ይኖርበታል። እርጥብ እግር ያለው ሰው ሁለት ብረት ቢነካ በሁለቱ መካከል ኃይል እንዳይኖር ነው።

ማብሪያውም ደንብ አለው። የሚያበራው ሰው ገንዳውን ሙሉ በሙሉ በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። የእኛ ቁልፍ ጠምዝዘው ይዘውት ካልቆሙ አይሠራም። እጅ ሲነሳ ሽፋኑ ይቆማል። ባለቤቴ በስልክ የሚሠራ እንግጠም ብሎ ነበር። ቁልፉን ይዤ ገንዳውን እያየሁ መቆሜን ግን እኔ እወደዋለሁ። ዘግቼ ስጨርስ ምን እንደዘጋሁ አይቻለሁ።

ሽፋኑ ጠመመ

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እማዬ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ልጄ በአባቱ ትከሻ ላይ ነው። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ሸራው ውሃው ላይ ሹር እያለ ወጣ። ልጄ አጨበጨበ። መሃል ሲደርስ ግን ግራው ከቀኙ በ2 ኢንች ያህል ቀደመ። መጨረሻው ጋ ልዩነቱ 5 ኢንች ሆነ። የግራው ጫፍ ደርሶ ቆመ፤ ቀኙ ገና ነው። ሞተሩ አጓርቶ ራሱን አጠፋ። በቀኝ ጥግ በኩል የሕፃን እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

መመሪያው ሽፋን ሲጠምም ገመዱን አስተካክሉ ይላል። የቀደመው ወገን ገመድ አጥሯል ማለት ነው። የግራውን ትንሽ አላላነው። ሞከርን፤ በጣም ተሻለ። መጨረሻው ጋ ልዩነቱ ከ5 ወደ 2 ኢንች ተኩል ወረደ። አንዴ ከፍተን ዘጋን፤ 3 ሆነ። ደግመን፤ 4። በሦስተኛው ወደ 5 ተመለሰ። እንደገና አላላን፤ እንደገና ተመለሰ። ቅዳሜያችን በዚህ አለቀ። ወንድሜ ተበሳጭቶ “ዕቃው ነው የተበላሸው፣ እንመልሰው” አለ።

እሑድ ጠዋት እሱ ሳይመጣ ብቻዬን ወጣሁ። ደብተር ያዝኩ። ሽፋኑን በየ4 ጫማው እያቆምኩ በግራና በቀኝ ያለውን ርቀት ጻፍኩ። ስምንት መስመር ቁጥር ሆነ። ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። የገመዱ ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያው መሆን ነበረበት። በ3 ኢንች የሚቀድም ወገን እስከ መጨረሻው በ3 ኢንች ይቀድማል። የእኛ ግን ያድጋል። እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ ጥፋቱ ገመዱ ሳይሆን የሚዞረው ነገር ጋ ነው። ቱቦው ጋ።

የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩ። ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ጠቅልዬ ጥቅልሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስኩት። በአንድ ወገን ሸራው ተደራርቦ ጠርዙ እንደ ገመድ ወጥቷል። በሌላው ለስላሳ ነው። ጥቅልሉ በአንድ ወገን ወፍሯል። የጥቅልሉ ዲያሜትር በአንድ በኩል በ1/16 ኢንች ብቻ ቢበልጥ፣ በአንድ ዙር 1/5 ኢንች ያህል ተጨማሪ ሸራ ይለቃል። የእኛ ሸራ 20 ዙር ያህል ይዞራል። 20 ዙር ላይ 4 ኢንች ሆነ ማለት ነው።

ለምን ወፈረ? ሸራው ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ስለሚጠቀለል ነው። ለምን ይሸሻል? ቱቦው ከሐዲዶቹ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ስላልሠራ ነው።

ወንድሜን ደውዬ ጠራሁት። ሲደርስ ሜትሩን ሰጠሁትና “የገንዳውን ዲያጎናል እንለካ” አልኩት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። የሙያው ሰው ስለሆነ የማይነገረው ነገር ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ለካን። አንዱ 35 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ሌላው 35 ጫማ ከ10 ኢንች ተኩል። አራት ማዕዘኑ በትክክል ቢሠራ ሁለቱም እኩል፣ ወደ 35 ጫማ ከ9 ኢንች ከ1/3 ይሆኑ ነበር። የ1 ኢንች ተኩል ልዩነት በ16 ጫማ ስፋት ላይ ወደ 7/8 ኢንች መዛነፍ ይሰጣል። ገንዳው ገና ሲሠራ ጀምሮ ዛነፍ ያለ ነው። ዓይን አያየውም። ለዋናተኛ ምንም ለውጥ የለውም። እኛ ግን ቱቦውን ያሰርነው ያንን ጠርዝ ተከትለን ነው።

ወንድሜ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። “ሴራሚክ ሳነጥፍ እኮ ግድግዳ አምኜ አላውቅም። ክር ሳልወጥር አንድ አልጥልም” አለኝ። “ይሄን ግን ድንጋዩ አማረኝና አመንኩት።”

ማስተካከያው

በወጉ የሆነውን ማዕዘን ያወጣነው በአናጢዎቹ የ3፣ 4፣ 5 ዘዴ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በ3 አባዝተን ነው። ከሐዲዱ ላይ 12 ጫማ፣ ወደ ጎን 9 ጫማ፣ ሰያፉ 15 ጫማ ሲሆን ማዕዘኑ ልክ ነው። ትልልቅ ቁጥር መጠቀም ይሻላል፤ ስህተቱ ያንሳል። የቀኙ ደጋፊ በ7/8 ኢንች ወደ ኋላ መሄድ እንዳለበት ክሩ አሳየን።

ቀላል ይመስላል። ግን አዲሱን ቀዳዳ ከአሮጌው 7/8 ኢንች ርቀት ላይ ብንቆፍር በመካከል ያለው ቀጭን አርማታ ይሰነጠቃል። ሞተሩ በጎተተ ቁጥር ሸክሙን የሚችለው ደግሞ ያ ቦታ ነው። ወንድሜ አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች በኢፖክሲ ደፈነ። ከዚያ ከብረት ቤት 3/8 ኢንች ውፍረት ያላቸው ሁለት የአልሙኒየም ጠፍጣፋ ብረቶች አስቆረጥን። ደጋፊው ጠፍጣፋው ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ጠፍጣፋው ደግሞ ራቅ ባለ፣ ባልተነካ አርማታ ላይ። ችግሩ ያለው በቀኝ በኩል ብቻ ቢሆንም ግራውም ጠፍጣፋ ተደረገለት። አለዚያ ቱቦው በቀኝ 3/8 ኢንች ከፍ ይልና ሌላ መዛነፍ እንፈጥራለን።

ኤሌክትሪሽያኑ ተመልሶ መጥቶ ማስተሳሰሪያ ሽቦውን አየ። ዋጋ አልጠየቀም፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

ሸራውን ከቱቦው ሙሉ በሙሉ አውጥተን በእጅ ቀጥ አድርገን መልሰን ጠቀለልነው። ይህን መዝለል አይቻልም። ተጨማዶ የተጠቀለለ ሸራ ቱቦው ቢቃናም ያንን ጭምድድ ይዞ ይቆያል። ገመዶቹንም ከዜሮ አስተካከልን። ከዚያ ቁልፉን ለወንድሜ ሰጠሁት። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሄደ። መጨረሻው ጋ ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ ጠቅ አሉ። አስር ጊዜ ከፍተን ዘጋን። በአስረኛው ልዩነቱ ከሩብ ኢንች በታች ነበር።

ጠቅላላ ወጪው ከነጠፍጣፋ ብረቱ፣ ድሪል ኪራዩና ጥቃቅኑ ሁሉ 10,360 ዶላር ሆነ። አምስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ከአምስቱ አንዱ ሰያፉን ቀድመን ለክተን ቢሆን የማያስፈልግ ነበር። ሰያፍ መለካት ሁለት ሰውና ሁለት ደቂቃ ነው። የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን ለገንዳ ሽፋን ቅናሽ ሲሰጥ ስለቆየ፣ እዚህ አካባቢ ያላችሁ ሳትገዙ በፊት ጠይቁ።

አብረነው ስንኖር

ፕላስተሩን እንደገና ለጠፍኩ። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስንከፍተው በሳምንት የወረደው ሩብ ኢንች ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ሽፋን የሚጨመረውን ውሃ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል ይላል። የእኛ ከዚያ የበለጠው ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ዝግ ስለሆነ ነው። ክሎሪንም እንደ ድሮው አንጨምርም። ፀሐይ አያገኘውምና ቶሎ አይበላም።

አስቸጋሪ ጎንም አለው። ጁላይ ላይ ዝግ ገንዳ ሙቅ ይሆናል። ቬጋስ በጁላይ 7 ቀን 2024 120 ፋራናይት፣ ወደ 49 ሴልሺየስ፣ ደርሳ የከተማዋን ሪከርድ ሰብራለች። እንደዚያ ባለ ሰሞን ውሃው ከሸራው ሥር ለብ ማለቱን አልፎ ይሞቃል። እማዬ “ሶደሬ ሆነ” ትላለች። እሷ ደስ ይላታል፤ ልጆቹ ግን ይደክማቸዋል። ስለዚህ ማለዳ ላይ አዋቂ እያለ ሁለት ሰዓት እንከፍተዋለን። ብዙ ክሎሪን የጨመርን ቀንም ሳንዘጋ እናቆያለን፤ ከሸራው ሥር የሚታፈነው ጋዝ ሸራውን ይበላዋል።

ዝናብ ሲመጣ ሸራው ላይ ውሃ ይቋጥራል። ጥልቀቱ ጥቂት ኢንች ቢሆን እንኳ ሕፃን ሊሰምጥበት ይችላል። ትንሽ ፓምፕ ከዕቃው ጋር መጥቷል። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ከየትኛውም ሥራ በፊት እሱን ሸራው ላይ አስቀምጣለሁ። ከአቧራ ማዕበል በኋላ ደግሞ ሐዲዶቹን በውሃ ቱቦ አጥባለሁ። አሸዋ ቦዩ ውስጥ ከተቀመጠ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸራውን ይፍቀዋል።

ቁልፉ ልጁ በማይደርስበት ከበሩ በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ከመዝጋታችን በፊት ሰው እንቆጥራለን፤ ጮክ ብለን፣ በስም። ልጄ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ስሙ ሲጠራ “አለሁ!” ይላል። የዋና ትምህርትም ጀምሯል።

በየሦስት ወሩ ሽፋኑን ዘግቼ ግራና ቀኙን እለካለሁ። በዚያው ደብተር ነው የምጽፈው። ባለፈው እሑድ 1/8 ኢንች ነበር። የሜትሩን ጫፍ የያዘችልኝ እማዬ ናት።